ምስሉ የስሌት ልጅ ነው፦ የኤም አር አይ ታሪክና የእኛ ቤት ድርሻ



እንዲህ ስንሰባሰብ ከማይቀሩት ጨዋታዎች አንዱ «አሁን ምን ትሠራለህ? አንቺስ?» ነው። ሐኪሙ ይመልሳል፣ ኢንጂነሯ ትመልሳለች፣ ከግብርና የተመረቀውም ይመልሳል። ፊዚክስ ወይም ሒሳብ የተማረው ላይ ሲደርስ ግን አንዱ ቀልደኛ «ያ ሁሉ ኢንተግራል መጨረሻው የት ደረሰ?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው ለቀልድ ቢሆንም መልስ አለው። አንድ ታማሚ «ኤም አር አይ ተነሣ» ሲባል፣ ያ ኢንተግራል የደረሰው እዚያ ነው።

ስለ ኤም አር አይ ብዙዎቻችን ያለን ግንዛቤ «ትልቅ ማግኔት ያለው፣ በጣም የሚጮህ፣ ውድ ካሜራ» የሚል ነው። ማግኔቱም፣ ጩኸቱም፣ ውድነቱም እውነት ነው። ካሜራ ግን አይደለም። ማሽኑ ከሰውነታችን ውስጥ የሚመጣ ደካማ የሬዲዮ ሲግናል ነው የሚቀበለው፤ ምስሉ የሚወለደው ያ ሲግናል ከአንድ የሒሳብ ሞዴል ጋር ሲገናዘብ ነው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብም ይኸው ነው። የኤም አር አይ ታሪክ የማግኔት ታሪክ ብቻ ሳይሆን የሞዴልም ታሪክ ነው። ማግኔት በገንዘብ ይገዛል፤ ሞዴል ግን በተማረ ሰው ይሠራል። ስለዚህ እንደኛ ያለ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ታሪክ ውስጥ ተመልካች ብቻ ሆኖ የሚቀርበት ምክንያት የለም።

ሁሉም በ1888

የሰውን ገላ ሳይቀዱ ውስጡን የማየት ታሪክ ገና ሲጀመር ኢትዮጵያ በአጋጣሚ ገብታበታለች። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሮንትገን ዛሬ ራጅ የምንለውን ጨረር ያገኘው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1895 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1888 ዓ.ም. ጥቅምት ማለቂያ ላይ መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት የካቲት 23 የዓድዋ ጦርነት ሆነ። እ.ኤ.አ. በሜይ 1896 ደግሞ ጁዜፔ አልቫሮ የተባለ ጣሊያናዊ የጦር ሐኪም ኔፕልስ በሚገኝ ወታደራዊ ሆስፒታል፣ ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ ሁለት ወታደሮችን ክንድ በራጅ አይቶ ጥይቱ የት እንዳለ ፈለገ። ራጅ ለጦር ሕክምና መዋሉ ሲነገር ከመጀመሪያዎቹ ተርታ የሚጠቀሰው ይህ ነው። እንግዲህ ጨረሩ በተገኘ በስድስት ወሩ እንዲፈልግ የታዘዘው ከኢትዮጵያ ዘመቻ የመጣ ጥይት ነበር ማለት ነው።

ራጅ ግን በባሕርይው ጥላ ነው። አጥንትና ብረት ጨረሩን ያስቀራሉ፣ ሥጋ ያሳልፋል፣ ፊልሙ ላይ ጥላው ይታያል። ለማንበብ የሐኪም ዓይን እንጂ ስሌት አይጠይቅም። ነገሩ የተለወጠው በሲቲ ስካን ነው፤ ለዚህ ለውጥ ደግሞ መነሻ ከሆኑት አንዱ የተጠነሰሰው በአፍሪካ ምድር ነው። ደቡብ አፍሪካዊው አለን ኮርማክ በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 በከተማዋ የሚገኘው ግሩት ስኩር ሆስፒታል የፊዚክስ ባለሙያ ሲያጣ፣ ኮርማክ በሳምንት ጥቂት ጊዜ እየሄደ እንዲያግዝ ተደረገ። እዚያ ሲያይ የጨረር ሕክምና መጠን የሚታቀደው ሰውነት ሁሉ አንድ ወጥ ነገር እንደሆነ ተቆጥሮ ነው። አጥንቱ፣ ሳንባው፣ ጡንቻው እኩል ጨረር እንደማያስቀሩ እያወቁ እንዴት እንዲህ ይታሰባል? ብሎ ጠየቀ። ከውጭ በተለያየ አቅጣጫ ከተለካ ጨረር ተነሥቶ የውስጡን ካርታ የሚያወጣውን ሒሳብ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1963 እና 1964 አሳተመ። ያኔ ዞር ብሎ ያየው እንኳ ጥቂት ነበር። እንግሊዛዊው ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ በራሱ መንገድ ማሽኑን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1971 የመጀመሪያው ታማሚ ከታየበት በኋላ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ሁለቱ የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ኮርማክ በመጀመሪያ የያዘው አዲስ ማሽን አልነበረም። በእጁ የነበረው የዩኒቨርሲቲ መምህርነት፣ ሆስፒታል የመግባት ዕድልና አንድ ጥሩ ጥያቄ ነው።

ፕሮቶን ሲናገር

ኤም አር አይ የመጣው በሌላ በር ነው። ሰውነታችን በአብዛኛው ውኃ ነው፤ በውኃ ውስጥ ያለው የሃይድሮጅን ኒውክለስ፣ ማለትም ፕሮቶን፣ እንደ ጥቃቅን ማግኔት ይሆናል። በማግኔት መስክ ውስጥ ሲገባ እንደ እንዝርት እየተወዛወዘ ይዞራል። የውዝዋዜው ፍጥነት በመስኩ ጥንካሬ ይወሰናል፤ ለ1 ቴስላ በሴኮንድ ወደ 42.6 ሚሊዮን ጊዜ ነው። ኢዚዶር ራቢ ይህን ዓይነቱን ድምፀት በሞለኪውሎች ጅረት ላይ እ.ኤ.አ. በ1938 ለካ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ደግሞ ሁለት ቡድኖች ሳይነጋገሩ በተራ ቁስ ውስጥ አገኙት። በሃርቫርድ ኤድዋርድ ፐርሰል፣ ሄንሪ ቶሪና ሮበርት ፓውንድ ሻማ በሚሠራበት ፓራፊን ውስጥ፣ በስታንፎርድ ፌሊክስ ብሎክና ባልደረቦቹ በውኃ ውስጥ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1946 ታተመ፤ ብሎክና ፐርሰልም እ.ኤ.አ. በ1952 ኖቤል ተሸለሙ።

ብሎክ ሲግናሉን አግኝቶ ብቻ አልቆመም። ፕሮቶኖቹ በሬዲዮ ሞገድ ተገፍተው ከቦታቸው ሲናጉ ምን ያህል ፈጥነው ወደ ቦታቸው እንደሚመለሱ የሚገልጹ እኩልታዎችን ጻፈ። በእነዚህ ውስጥ ሁለት ጊዜዎች አሉ። ቲ1 የሚባለው ፕሮቶኖቹ ከማግኔቱ ጋር መልሰው እስኪሰለፉ የሚፈጅባቸው ነው። ቲ2 የሚባለው ደግሞ አንድ ላይ መወዛወዛቸው እስኪበታተን ያለው ነው። የሸክላ ጀበናና የብረት ድስት ከእሳት ወርደው እኩል እንደማይቀዘቅዙ ሁሉ፣ የአንጎል ነጭ ክፍል፣ ግራጫው ክፍልና በዙሪያው ያለው ፈሳሽም እኩል አይመለሱም። የኤም አር አይ ሞዴል ሁሉ እናት ይህች ናት ቢባል ማጋነን አይደለም። ዛሬም በዓለም ላይ የሚሠራ ማንኛውም የኤም አር አይ ማሽን የሚታዘዘው በብሎክ እኩልታዎች ነው።

እ.ኤ.አ. በ1950 ኤርዊን ሃን «ኤኮ» የተባለውን አገኘ። ሯጮች አብረው ተነሥተው እንደየፍጥነታቸው ተበታተኑ እንበል። በመሐል ፊሽካ ተነፍቶ ሁሉም ዞረው በዚያው ፍጥነት ቢመለሱ፣ ቀድሞ የሄደውም የቀረውም መነሻው ላይ እኩል ይደርሳሉ። ፕሮቶኖችም በሁለተኛ የሬዲዮ ምት እንዲሁ ይሰበሰባሉ፤ ጠፍቶ የነበረው ሲግናልም ተመልሶ ይሰማል።

የማግኔት ነገር በአገራችን

ይህ ሁሉ ሲሆን በኢትዮጵያ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ገና ዳዴ ይል ነበር። ሆኖም በዚያው ዘመን ማግኔት መለካት ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ1957 እና 58 በተከበረው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ መነኩሴ በአባ ፒየር ጉዋን መሪነት የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። ቦታው የተፈለገበት ምክንያት የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በአገራችን በኩል ማለፉ ነው። አባ ጉዋን በኋላ ስለ ኢትዮጵያና ስለ አፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት መጽሐፍም ይታወቃሉ።

ይህን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። የምድርን መስክ ለመለካት ሳይንቲስቶች ከሚጠቀሙባቸው መሣሪያዎች አንዱ የፕሮቶን ማግኔቶሜትር ነው፤ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ፕሮቶኖች ይወዛወዛሉ፣ መሣሪያው ፍጥነታቸውን ይቆጥራል። በአዲስ አበባ አካባቢ የምድር መስክ ወደ 36 ማይክሮቴስላ ነው። ስሌቱን ብትሠሩት ፕሮቶን በዚያ መስክ በሴኮንድ 1,500 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል፤ በድምፅ ማጉያ ቢለቀቅ በጆሮ የሚሰማ ፉጨት ነው። በ1.5 ቴስላ የሆስፒታል ማሽን ውስጥ ያው ፕሮቶን 64 ሚሊዮን ጊዜ፣ በ3 ቴስላ ደግሞ 128 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይወዛወዛል፤ ኤፍ ኤም ሬዲዮ ከምንሰማበት መስመር ትንሽ ከፍ ብሎ ማለት ነው። ሕጉ አንድ ነው። የሚለየው የማግኔቱ ጉልበት ነው።

ታዲያ ጉልበት ለምን አስፈለገ? ሲግናሉ ደካማ ስለሆነ ነዋ! በ1.5 ቴስላ ውስጥ እንኳ ከማግኔቱ ጋር የተሰለፉት ፕሮቶኖች ከተቃራኒዎቹ የሚበልጡት ከ1 ሚሊዮን በ5 ያህል ብቻ ነው። የምንሰማው የእነዚያን አምስት ድምፅ ነው፤ ሌላው እርስ በርሱ ይጣፋል።

ከቱቦ ውኃ ወደ ሰው ገላ

እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካዊው ሐኪም ሬይመንድ ዳማዲያን የአይጥ ዕጢዎች ቲ1 እና ቲ2 ከጤነኛ ሥጋ እንደሚረዝሙ ለካ። ትልቅ ነገር ነበር። ሲቆይ ግን የዕጢና የጤነኛ ሥጋ ቁጥሮች እየተደራረቡ አስቸገሩ፤ አንድ ቁጥር ብቻውን ምርመራ ሊሆን አልቻለም። ሲግናሉ ከየት ቦታ እንደመጣም መታወቅ ነበረበት።

ያን ቁልፍ ያገኘው ፖል ላውተርበር ነው። የማግኔቱ መስክ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ቀስ በቀስ እንዲጠነክር ቢደረግ፣ በየቦታው ያለ ፕሮቶን በተለያየ ፍጥነት ይወዛወዛል፤ ፍጥነቱ ራሱ አድራሻ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1973 «ኔቸር» መጽሔት ላይ የወጣው የመጀመሪያ ምስሉ ሁለት ትንንሽ የውኃ ቱቦዎችን የሚያሳይ ነበር። መጽሔቱ መጀመሪያ ላይ ጽሑፉን መልሶለት እንደነበር ይታወቃል። እንግሊዛዊው ፒተር ማንስፊልድ ሒሳቡን አስፋፍቶ ምስል በፍጥነት የሚነሣበትን ዘዴ አመጣ፤ ስዊዘርላንዳዊው ሪቻርድ ኧርነስት ደግሞ የፉሪዬን ሒሳብ ወደዚህ መስክ አስገባ። ዳማዲያንና ረዳቶቹ እ.ኤ.አ. ጁላይ 3 ቀን 1977 የመጀመሪያውን የሰው ደረት ምስል ሲያነሡ 5 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ፈጅቶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ላውተርበርና ማንስፊልድ ኖቤል ሲሸለሙ ዳማዲያን ቀረ፤ በጋዜጦች ላይ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አውጥቶ «ተበደልኩ» ማለቱም የታሪኩ አካል ሆኖ ቀርቷል።

ጥያቄ የሚጠይቅ ሞዴል

የሲግናል ሞዴል ምን እንደሚሠራ በቁጥር ብናየው ይቀላል። በ1.5 ቴስላ የአንጎል ነጭ ክፍል ቲ1 ወደ 600 ሚሊሴኮንድ፣ በአንጎል ዙሪያ ያለው ፈሳሽ ደግሞ ወደ 4,000 ሚሊሴኮንድ ነው። ማሽኑ በየ500 ሚሊሴኮንዱ ፕሮቶኖቹን ቢገፋ፣ በብሎክ እኩልታ መሠረት ነጩ ክፍል ከሙሉ ሲግናሉ 57 ከመቶ ያህሉን መልሶ ያገኛል፤ ፈሳሹ ግን 12 ከመቶ ብቻ። ስለዚህ ነጩ ክፍል ይበራል፣ ፈሳሹ ይጨልማል። አሁን ደግሞ ሁሉም በደንብ እስኪያገግም ይጠበቅና ሲግናሉ ከተገፋ 100 ሚሊሴኮንድ በኋላ ይሰማ። የነጩ ክፍል ቲ2 ወደ 80 ሚሊሴኮንድ ስለሆነ 29 ከመቶ ብቻ ይቀረዋል፤ የፈሳሹ ወደ 2,000 ስለሆነ 95 ከመቶው አለ። ምስሉ ተገለበጠ! ታማሚው ያው፣ ማሽኑ ያው፣ የተለወጠው የተጠየቀው ጥያቄ ነው። ራዲዮሎጂስት «ቲ1 ነው፣ ቲ2 ነው» ሲል የሚናገረው ይህን ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ሞዴሉን እያበለጸጉ የመሄድ ታሪክ ነው። ፓራፊኑን ካጠኑት አንዱ የነበረው ቶሪ እ.ኤ.አ. በ1956 በብሎክ እኩልታ ላይ የሞለኪውሎችን መንከራተት ጨመረበት። ያኔ ንጹሕ ንድፈ ሐሳብ ነበር። ከ30 ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ዴኒ ለቢያን ይህንኑ ወደ ሰው አንጎል ምስል አመጣው፤ ስትሮክ በመታ በጥቂት ደቂቃና ሰዓት ውስጥ የውኃው መንከራተት ስለሚገታ፣ ሌላ ምስል ገና ምንም በማያሳይበት ጊዜ ይህ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1990 ሴጂ ኦጋዋ በደም ውስጥ ያለው የኦክስጅን ለውጥ ሲግናሉን እንደሚነካ አሳይቶ የሚሠራ አንጎልን ማየት አስቻለ። እ.ኤ.አ. በ1994 ፒተር ባሰርና ባልደረቦቹ ውኃው በየትኛው አቅጣጫ እንደሚንከራተት በቴንሶር ገልጸው የአንጎልን የነርቭ መስመሮች መከተል ተቻለ።

የሞለኪውል መንከራተት ሲነሣ የአገራችንን ሰው ማስታወስ ይገባል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ ከተማሪዎቻቸው ጋር በሙቀት ስለሚንከራተቱ ጥቃቅን አካላት፣ ማለትም ስለ ብራውን እንቅስቃሴና በእሱ ስለሚሠሩ ሞተሮች፣ ያሳተሟቸው ንድፈ ሐሳባዊ ሥራዎች አሉ። በደርግ ዘመን ታስረው ሳሉ እስረኞችን ሳይንስ ያስተምሩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር በሰብዓዊ መብት ለሚታገሉ ሳይንቲስቶች የሚሰጠውን የሳካሮቭ ሽልማት ተቀብለዋል። ሥራቸው ስለ ኤም አር አይ አይደለም። ሒሳቡ ግን የዚያው ቤተሰብ ነው። ያን የመሰለ ኮርስ የወሰደ ልጅ የቶሪን እኩልታ ቢያይ እንግዳ አይሆንበትም።

በ2000ዎቹ ደግሞ ጥያቄው «ምን ያህል ትንሽ መረጃ ይበቃል?» ሆነ። ማይክል ሉስቲግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ምስሉ ሊጨመቅ የሚችል ከሆነ ከመጀመሪያውም ሁሉንም መለካት እንደማያስፈልግ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2013 «ኔቸር» ላይ የወጣው የኤም አር አሻራ ዘዴ ሐሳቡን አንድ እርምጃ ወሰደው። ማሽኑ ምቶቹን ሆን ብሎ እያዘበራረቀ ይሰጣል፤ ኮምፒውተሩ ቀድሞ በብሎክ እኩልታ ለእያንዳንዱ የቲ1 እና የቲ2 ጥምረት ምን ሲግናል ሊመጣ እንደሚችል አስልቶ መዝገበ ቃላት ያዘጋጃል። የመጣውን ሲግናል ልክ እንደ ጣት አሻራ ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል። እንቆቅልሽ ሲባል «ምን አውቅልህ» ከማለት በፊት መልሶቹን ሁሉ ጽፎ እንደመጠበቅ ነው።

ሁለት ምርመራ በአንድ አልጋ

ሌላው ትልቅ እርምጃ ሁለት ማሽኖችን ማዋሀድ ነው። ፔት ስካን ለታማሚው የተወጋው ስኳር መሰል መድኃኒት የት እንደተከማቸ ያሳያል፤ ዕጢ ስኳር ስለሚወድ ይበራል። ግን የበራው ነገር ጉበት ላይ ይሁን አንጀት ላይ በደንብ አይለይም። ዴቪድ ታውንሰንድና ሮናልድ ነት ፔትን ከሲቲ ጋር በአንድ አልጋ አዋሀዱ፤ የሙከራው ማሽን እ.ኤ.አ. በ1998 በፒትስበርግ ታማሚ ማየት ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ገበያ ላይ ዋለ።

ፔትን ከኤም አር አይ ጋር ማዋሀድ ግን ከዚያ በኋላ ወደ 10 ዓመት ፈጀ። አንደኛ፣ የፔት ብርሃን መቀበያ ቱቦዎች በማግኔት ውስጥ አይሠሩም፤ በሌላ መተካት ነበረባቸው። ሁለተኛው ችግር የሞዴል ነው። የፔት ጨረር ከሰውነት ሲወጣ አጥንት ከሥጋ የበለጠ ስለሚያስቀረው መጠኑ መታረም አለበት። ሲቲ ይህን በቀጥታ ይለካል። ኤም አር አይ ግን የሚለካው ፕሮቶንን ነው፤ የአጥንት ሲግናል ደግሞ ቲ2ው በጣም አጭር ስለሆነ ማሽኑ ከመስማቱ በፊት ይጠፋል። በተራው የኤም አር አይ ምስል ላይ አጥንትም አየርም ጥቁር ናቸው፤ ለፔት ግን ሰማይና ምድር ናቸው። መፍትሔው ማግኔት ማጠንከር አልነበረም። እጅግ ፈጥኖ የሚሰማ አሠራርና ከኤም አር አይ ምስል ተነሥቶ የሲቲውን የሚገምት ሞዴል መሥራት ነበር።

እዚህ ላይ ወደ ሐዋሳ እንምጣ። በፔት የሚሠራበት ፍሎሪን 18 ግማሽ ዕድሜው 110 ደቂቃ ነው። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ያለው መንገድ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መድኃኒቱ አዲስ አበባ ተመርቶ በመኪና ቢላክና ዝግጅቱን ጨምሮ 5 ሰዓት ቢፈጅ፣ ሲደርስ ከ100 እጁ 15 ያህሉ ብቻ ይቀራል። ቴክኒሺየም 99 ኤም የሚባለው ደግሞ ግማሽ ዕድሜው 6 ሰዓት ስለሆነ በዚያው መንገድ 56 እጁ ይደርሳል። ስለዚህ «ለእኛ የቱ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ መልሱ የማሽን ካታሎግ ላይ ሳይሆን በመንገዱና በስሌቱ ላይ ነው።

ደግሞም ውሕደት ሁልጊዜ አዲስ ማሽን አይፈልግም። በተለያየ ቀን የተነሡ ሲቲና ኤም አር አይን በኮምፒውተር አስተካክሎ መደራረብ ራሱ ውሕደት ነው። ለጨረር ሕክምና ዕቅድ ዕጢው በኤም አር አይ ይለያል፣ የጨረሩ መጠን በሲቲ ይሰላል። «ስሪ ዲ ስላይሰር» የሚባለው ሶፍትዌር ይህን በነፃ ያደርጋል፤ የሚያስፈልገው ላፕቶፕና የሚያውቀው ሰው ነው።

ትንሹ ማግኔት

ለረጅም ጊዜ የዓለም ሩጫ ወደ ጠንካራ ማግኔት ነበር። የተለመደው ማሽን ወደ -269 ዲግሪ የቀዘቀዘ፣ ከ1,000 ሊትር በላይ ፈሳሽ ሂሊየም ይፈልጋል። በቅርብ ዓመታት ግን ወደ ኋላ ዞሮ ማየት ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው ሃይፐርፋይን የተባለው ኩባንያ ማሽን 0.064 ቴስላ ብቻ ነው፤ በጎማ ተገፍቶ ታማሚው አልጋ አጠገብ ይደርሳል። ሲግናሉ በጣም ስለሚደክም ጉድለቱን የሚሞላው ሞዴሉ ነው።

ከአፍሪካ ሁለት ምሳሌ ልጥቀስ። በማላዊ ብላንታየር በ0.35 ቴስላ ማሽን የሠሩት ቴሪ ቴይለርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2015 አንጎል የነካ ወባ ሕፃናትን እንዴት እንደሚገድል አሳዩ፤ ከሞቱት 25 ሕፃናት 21ዱ ሲገቡ አንጎላቸው በጣም አብጦ ነበር። ያ ሁሉ ዓመት ሲያከራክር የኖረ ጥያቄ በደካማ በሚባል ማግኔት ተመለሰ። በኡጋንዳ ምባራራ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከኔዘርላንድስና ከአሜሪካ አጋሮች ጋር ሆነው በ2022 እ.ኤ.አ. ከቋሚ ማግኔቶች የተሠራ ወደ 0.05 ቴስላ የሆነ ማሽን እዚያው ቦታው ላይ ገጣጠሙ። ዓላማው ጭንቅላታቸው ውስጥ ውኃ የሚጠራቀምባቸውን ሕፃናት ማየት ነው። የገጣጠሙት ሰዎች መጠገንም ይችላሉ፤ የእኛ አገር ሆስፒታሎች በቆመ ማሽን ምን ያህል እንደሚቸገሩ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አደጋውም መነገር አለበት። ጉድለት የሚሞላ ሞዴል ያላየውን የሚሞላው ከዚህ በፊት ባየው ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት በአብዛኛው የሠለጠነው በሀብታም አገር ሰዎች ምስል ላይ ከሆነ፣ እዚያ እምብዛም የማይታይ የአንጎል ቲቢ ወይም የወባ እብጠት ሲገጥመው ለስልሶ «ጤነኛ» ሊያስመስለው ይችላል። ምስሉ ባማረ ቁጥር ስሕተቱ ይደበቃል። ሞዴሉን የሚመረምር፣ ግምቱን የሚጠይቅ ሰው በአጠገቡ ከሌለ፣ ርካሹ ማሽን ውድ ዋጋ ያስከፍላል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

የእኛ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ራሱ የውሕደት ታሪክ ነው። በ1968 ዓ.ም. የተጀመረው የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ፣ የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅና የዲላው የመምህራንና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ በ1992 ዓ.ም. ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሆነው ተዋሀዱ፤ በኋላም ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተባልን። ሪፈራል በ1998 ዓ.ም. ተከፍቶ ከሲዳማም ከአጎራባች አካባቢዎችም የሚመጣውን ሕዝብ ያስተናግዳል። የፊዚክስ መምህሩና ራዲዮሎጂስቱ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ስም፣ በባጃጅ በሚደረስ ርቀት ላይ አሉ። ኮርማክ የነበረውም ይኸው ነበር።

ስለዚህ «ማሽን ይገዛልን» ከማለት ጎን ለጎን፣ ማሽን ሳንጠብቅ የሚጀመሩ ሦስት ነገሮችን ለማኅበራችንም ለመምህራኑም አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የመመረቂያ ሥራ። የብሎክን እኩልታ በኮምፒውተር ፈትቶ የቲ1 እና የቲ2 ምስል ማስመሰል አንድ የፊዚክስ፣ የሒሳብ ወይም የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ በአንድ ሴሚስተር የሚጨርሰው ነው። አማካሪዎቹ ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ ከዋናው ግቢ፣ አንዱ ከሪፈራል።

ሁለተኛ፣ መለኪያ። በውኃ፣ በአጋርና በጥቂት መዳብ ሰልፌት የሚዘጋጅ ቲ1 እና ቲ2ው የታወቀ የሙከራ ጠርሙስ በየትኛውም የኬሚስትሪ ላብ ይሠራል። ይህን በከተማችንም በሌላም ቦታ ባሉ ማሽኖች ላይ በየጊዜው በማስነሣት ማሽኑ ትክክል እየለካ መሆኑን ማወቅ ይቻላል። ይህ ለሐኪሙም ለታማሚውም ዛሬውኑ የሚጠቅም ነው።

ሦስተኛ፣ የራሳችን ምስል። በሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፣ የታማሚው ማንነት ተሰርዞ፣ በራዲዮሎጂስት የተነበበ የምስል ክምችት ቀስ በቀስ ቢገነባ፣ ነገ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይዞ የሚመጣ ማንኛውም ሻጭ «በእኛ ሰዎች ላይ ተሞክሯል ወይ?» ተብሎ ሊጠየቅና ሊፈተን ይችላል። ይህ ከሌለን የምንጠይቅበት አፍ የለንም።

ውጭ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎች፣ በተለይ በሕክምና ፊዚክስ፣ በሶፍትዌርና በራዲዮሎጂ ሙያ የተሰማራችሁ፣ ከገንዘብ መዋጮ በላይ የምትሰጡት ነገር አለ፤ በወር አንድ ሰዓት በኢንተርኔት አንድ ተማሪ ማማከር። መምህራንም በሩን ክፈቱ። እ.ኤ.አ. በ1956 በኬፕታውን የሆነው ነገር የተጀመረው ሆስፒታሉ የፊዚክስ ባለሙያ አጥቶ በመጠየቁ፣ መምህሩም እሺ ብሎ በመሄዱ ነው። ይህን ያህል ነገር የምናንስ አይመስለኝም።

በሚቀጥለው መገናኛችን፣ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱን የጀመረ ሰው ውጤቱን በዚሁ መጽሔት እንዲያስነብበን እየጠየቅሁ እሰናበታለሁ። ቸር ያገናኘን።